ለውጊያ የትኛውን መርከብ ልግዛ? ኤሊት ዴንጀረስን ከጅማ ሆነን ለምንጫወት

ኤሊት ዴንጀረስ የሚባለውን የጠፈር መርከብ ጌም የሚጫወት ሰው ትንሽ ክሬዲት፣ ማለትም የጌሙን ገንዘብ፣ መያዝ ሲጀምር ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ትልቁ መርከብ ላይ ነው። አናኮንዳ ስምንት ጠመንጃ ይሸከማል፣ ቫልቸር ሁለት ብቻ፣ በቃ አናኮንዳ ይበልጣል ይባላል። እዚህ ጅማ ኮቺ ሰፈር ካሉት ልጆችም ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪዎችም የምሰማው ይሄንኑ ነው። እኔ ግን ከልቤ የምነግርህ፣ የውጊያ መርከብ ስትመርጥ የጠመንጃውን ብዛት መጨረሻ ላይ ነው ማየት ያለብህ። ቀድሞ የሚታየው መርከቡ አፍንጫውን ጠላት ላይ ማቆየት ይችላል ወይ፣ ጠመንጃዎቹን ሳያቋርጥ የሚመግብ ጉልበት አለው ወይ፣ ቢፈነዳብህ ደሞ መልሰህ ለማውጣት ኪስህ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ፣ ጌሙን ያወጣው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2014፣ የመጀመሪያውን ኤሊት ደሞ ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል በ1984 ነው የሰሩት። ሚልኪ ዌይን ባለበት ስፋት ነው ያስገቡት፣ ወደ 400 ቢሊዮን የኮከብ ሲስተም አለ ይላሉ። ይሄን ሲሰማ ብዙ ሰው ከኮከብ ኮከብ ሩቅ የሚዘል መርከብ ካልገዛሁ ብሎ ይጨነቃል፣ ለተዋጊ ግን ዝላይ ያን ያህል አያሳስብም፣ ምክንያቱም የምትዋጋበት ቦታ ላይ ለሳምንታት ነው የምትቆየው፣ መርከቡንም ከሩቅ ጣቢያ በክፍያ ማስመጣት ይቻላል።

እኛ ጋ ያለውን ሁኔታ ሳልነካ ወደ መርከቦቹ አልገባም። ይሄ ጌም ብቻህን ብትጫወት እንኳን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ያለ ኔት የሚሰራ የለውም። ጅማ ደሞ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናብ ሲጠነክር ኔቱም መብራቱም ይሄዳል፣ ስለዚ ሶሎ ሞድ ላይ፣ ማለትም ሌላ ተጫዋች በሌለበት ተጫወት። ሶሎ ላይ ሆነህ ቢቋረጥብህ የሚጎዳ ሌላ ተጫዋች የለም፣ ስትመለስም ውጊያው ከቆመበት አይቀጥልም፣ ሌላ ጠላት ትፈልጋለህ። ሁሉም ተጫዋች በሚገናኝበት በኦፕን ላይ ግን ከሰው ጋር እየተታኮስክ ድንገት ብትጠፋ ሸሸ ነው የሚባለው፣ መብራት ሄዶ ነው ብትል ማንም አያምንህም። ጌሙን ለማውረድም ዳታህን አትጨርስ፣ ያወረደ ጓደኛ ካለህ ፎልደሩን በሃርድ ዲስክ ገልብጠህ የቀረችውን አፕዴት ብቻ አውርድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲስትሪቢዩተር የሚባለውን ሞጁል ብዙ ጀማሪ ትኩረት አይሰጠውም፣ ለኔ ግን የውጊያ መርከብ ልብ እሱ ነው። ፓወር ፕላንቱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ዲስትሪቢዩተሩ ደሞ ያጠራቅምና ለሺልድ (መርከቡን ከጥይት ለሚከልለው የኃይል ጋሻ)፣ ለሞተርና ለጠመንጃ ያከፋፍላል። ግቢ ውስጥ እንደተቀመጠ ሮቶ ብታስበው ይቀልሃል፣ ቧንቧው ስምንት ሆኖ ሮቶው ትንሽ ከሆነ ሁሉንም ባንዴ ስትከፍተው ወዲያው ይደርቃል። ትናንሽ መርከብ ላይ ቢም ሌዘር የሚባለውን ጉልበት የሚበላ የጨረር ጠመንጃ የሚጭኑ ልጆች የሚገጥማቸው ይሄ ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ይተኩሱና ጠመንጃው ዝም ይላል፣ ጠላት ሺልዱን እየሞላ እነሱ ይጠብቃሉ። የዲስትሪቢዩተሩ መጠን በቁጥር ነው የሚነገረው፣ ኢግል 2 ነው፣ ቫይፐር ማርክ ስሪ 3፣ ቫልቸር 5፣ ፈርዴላንስና ቺፍተይን 6፣ ክራይት ማርክ ቱ 7፣ አናኮንዳና ኮርቬት 8። ከቫይፐር ወደ ቫልቸር ስትሻገር የሚሰማህ ልዩነት ዋናው ምንጭ ይሄ ነው።

ሌላው ጥንካሬ ነው። እያንዳንዱ መርከብ አካሉ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ ደሞ የመብሳት አቅም አለው። የአናኮንዳ አካል 65 ነው፣ ትንሿ መልቲካነን (ጥይት የምታርከፈክፈው ጠመንጃ) ግን የመብሳት አቅሟ 22 ብቻ ነው፣ ስለዚ ጥይቷ ቢመታም ከጉዳቷ አንድ ሦስተኛው ነው የሚገባው። ትልቋ መልቲካነን 54 ናት። ቫልቸር ሁለት ጠመንጃ ብቻ ኖሯት ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መርከብ የምታፈርሰው ሁለቱም ትላልቅ ስለሆኑ ነው። ስለዚ አንድ መርከብ ብዙ ጠመንጃ አለው ሲሉህ ስንቱ ትልቅ ነው ብለህ ጠይቅ።

ሪባይ ደሞ አለ። መርከብህ ሲፈነዳ ከነዕቃው ከሚያወጣው ዋጋ 5 ከመቶ ከፍለህ ነው የምትመልሰው። ሪባዩን መክፈል ካልቻልክ ያ ሁሉ የለፋህበት መርከብ ሄደ ማለት ነው። ወንጀለኛ መርከብ በማፍረስህ አግኝተህ ገና ያልመነዘርካቸው የባውንቲ (የሽልማት) ቫውቸሮችም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚ መርከብ ገዛሁ የምትለው የመርከቡን፣ የዕቃውንና ቢያንስ የሦስት ሪባይ ገንዘብ ስትይዝ ነው። ባዶውን መርከብ ለመግዛት ኪሱን ያራገፈ ሰው ፋብሪካ ላይ ከመጣው ደካማ ዕቃ ጋር ውጊያ ይገባል፣ ከዛ በመጀመሪያው ቀን ያጣዋል። ይሄን ደጋግሜ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ኢግልን ቶሎ ልለፋት። መነሻ ዋጋዋ 45 ሺህ ክሬዲት አካባቢ ነው፣ ሦስት ትናንሽ ጠመንጃ፣ አዟዟሯ በጣም ቆንጆ። መብረር ለመልመድ ከሷ የተሻለ የለም፣ ገቢ ለማግኘት ግን ትንሽ ናት፣ ከላይ እንዳልኩት ጥይቷ ትልቅ መርከብ ላይ በደንብ አይገባም።

ቫይፐር ማርክ ስሪ 143 ሺህ አካባቢ ነው፣ ሁለት መካከለኛና ሁለት ትናንሽ ጠመንጃ አለው። ያለ ምንም ማሻሻያ መደበኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 320 ሜትር ነው፣ ቡስት ሲያደርግ፣ ማለትም ለአፍታ ሲወነጨፍ፣ 400 ይደርሳል፣ ይሄ ማለት ነገሩ ከከበደህ መሸሽ ትችላለህ። ኮብራ ማርክ ስሪ ጠመንጃው ከሱ ጋር እኩል ሆኖ 350 ሺህ አካባቢ ያወጣል፣ ልዩነቱ ኮብራ ዕቃ ይጭናል፣ ራቅ ብሎም ይዘላል። አሁንም ገና ምን እንደምትወድ ካላወቅክ፣ ማለትም ንግድም ውጊያም መሞከር ከፈለግክ፣ ኮብራን ግዛ። ውጊያ ብቻ ነው ሀሳቤ ካልክ ቫይፐር ይሻልሃል፣ ገንዘብም ታተርፋለህ።

ቫልቸር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለአብዛኞቻችን መልሱ እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። መነሻ ዋጋዋ 4.9 ሚሊዮን ነው፣ በደንብ ስትሟላ ግን ከዛ ብዙ እጥፍ ትወጣለች፣ 20 ሚሊዮን ይዘህ ብትቀርብ ጥሩ ነው። ሁለት ትላልቅ ጠመንጃዎቿ ከላይ ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት፣ መስታወቷ ሰፊ ስለሆነ ጠላት ከላይህ ሲያልፍ አይጠፋብህም፣ አዟዟሯ ደሞ ኢግልን ትተህ የመጣህ እስከማይመስልህ ድረስ ነው። ቀጥታ መስመር ላይ ግን ፈጣን አይደለችም፣ መደበኛዋ 210 ቡስቷ 340 ነው፣ ስለዚ የሸሸን ቫይፐር አታባርርባት፣ ተወው ይሂድ።

ችግሯ የፓወር ፕላንቷ ትንሽነት ነው። ሁሉንም ጥሩ ዕቃ ገዝተህ ከጫንክ በኋላ ጠመንጃውን ስታወጣ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ይሸጣታል። መፍትሄው በቀኝ በኩል ባለው ፓነል የሞጁሎች ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። እዛ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከ1 እስከ 5 ቅድሚያ ትሰጣለህ። የዕቃ መጫኛውን በርና የዝላይ ሞተሩን 5 አድርጋቸው፣ ጠመንጃ ስታወጣ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ ስትመልሰው ይበራሉ። የዕቃ በሩንማ ጭነት ካልያዝክ ጭራሽ አጥፋው። ሺልድ፣ ሞተርና ጠመንጃ 1 ላይ ይሁኑ። አንድ ነገር ግን አስብ፣ የዝላይ ሞተሩ ስለጠፋ ለመሸሽ መጀመሪያ ጠመንጃህን መክተት አለብህ፣ ሞተሩም እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚ ሺልድህ ሲያልቅ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ከሚታዩት የሺልድ ቀለበቶች ገና ሁለት እያሉህ ወስን። በኋላ ላይ የመርከብ ዕቃ የሚያሻሽሉት የጌሙ ኢንጂነሮች ጋ ሄደህ ፓወር ፕላንቱን ኦቨርቻርጅድ፣ ማለትም ጉልበቱ የጨመረ፣ ስታስደርገው ይሄ ጣጣ ይቀንሳል፣ ሙቀቷ ግን ይጨምራል።

ቫልቸር አናኮንዳን እንዴት እንደምትጥል ላሳይህ። ቦታው በፕላኔት ዙሪያ ባለ የማዕድን ቀለበት ውስጥ ያለ፣ ወንበዴዎች የሚመጡበት ሪሶርስ ሳይት ነው፣ ለጀማሪ ፖሊሶች ያሉበትን ምረጥ፣ ሃዛርደስ የሚባለው ላይ ፖሊስ ስለሌለ እሱን ለኋላ አቆየው። አናኮንዳው ሲመጣ ወዲያው አትተኩስ፣ ወደሱ አፍንጫህን አዙረህ ስካኑ እስኪያልቅና ዋንትድ (ተፈላጊ ወንጀለኛ) የሚለው እስኪወጣ ጠብቅ፣ ቸኩለህ ከተኮስክ ወንጀለኛው አንተ ትሆናለህ፣ ፖሊሱም ወዳንተ ይዞራል። ከዛ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ ከምትመድብባቸው ስድስት ፒፖች (ነጥቦች) አራቱን ጠመንጃ ላይ አድርግና ከኋላው ግባ። ፍጥነትህን ሰማያዊው ምልክት መሃል ላይ ያዘው፣ መርከብ በደንብ የሚዞረው እዛ ፍጥነት ላይ ነው፣ ሙሉ ጋዝ የሰጠ ሰው ሰፊ ክብ ነው የሚሰራው። በሌዘር ሺልዱን ታወርዳለህ። ሺልዱ ሲወድቅ ከሱ አካላት ውስጥ ፓወር ፕላንቱን ምረጥና መልቲካነኑን እዛ ላይ አፍስስ፣ አካሉ ገና ግማሽ እያለው ሊፈነዳ ይችላል። አናኮንዳው ለመዞር ይሞክራል፣ አንተ አብረህ ትዞራለህ፣ ትላልቆቹ ጠመንጃዎቹ አንድም ጊዜ በደንብ አያገኙህም። ስምንት ጠመንጃ ምንም ያልጠቀመው ለዚህ ነው። ካሸነፍክ በኋላ ቫውቸርህን ቶሎ ቶሎ ጣቢያ ወስደህ መንዝር፣ በተለይ ሰማዩ ሲጠቁር።

ከቫልቸር በላይ ስትወጣ ምርጫው እንደ ጸባይህ ይለያያል። ቺፍተይን 19 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ ሁለት ትላልቅ፣ አንድ መካከለኛ፣ ሦስት ትናንሽ ጠመንጃ። ሺልዱ ደካማ ነው፣ አካሉ ግን ጠንካራ፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም ሲንሸራተት በጣም ደስ ይላል። ፍላይት አሲስት የሚባለውን የኮምፒውተር የበረራ እገዛ አጥፍቶ መብረር የሚወድ ሰው ቺፍተይን ላይ ይቀራል። ታርጎይድ የሚባሉትን የጌሙን ባዕድ ፍጡራን ልዋጋ የሚልም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ታርጎይድ ጋር ከሺልድ ይልቅ አካል ነው የሚያዋጣው፣ ለነሱ የሚሆኑት ልዩ ጠመንጃዎችም በአንድ መርከብ ላይ ከአራት በላይ አይጫኑም፣ ስለዚ እዛ ላይ ግዙፍ መርከብ ትርፉ ያንሳል። ግን ሺልድ ለምዶ ያደገ ሰው ቺፍተይን ላይ መጀመሪያ ይጨንቀዋል፣ እያንዳንዷ ጥይት አካሉ ላይ ነው የምታርፈው፣ ጥገናውም ወጪ አለው።

ክራይት ማርክ ቱ 45.8 ሚሊዮን ነው። ሦስት ትላልቅና ሁለት መካከለኛ ጠመንጃ፣ ዲስትሪቢዩተሩ 7፣ ላዩ ላይ ደሞ ትንሽ ተዋጊ የሚለቅበት ሃንጋር መጫን ይችላል። ቀጥረህ የምታበረው የኮምፒውተር ፓይለት ከገቢህ ድርሻ ይወስዳል፣ ግን ጠላት እሱን ሲያሳድድ አንተ ኋላው ላይ ትቀመጣለህ። አንድ መርከብ ብቻ ነው የምገዛው፣ ውጊያም ሌላም ልስራበት የሚል ሰው ካለ እኔ ክራይትን ነው የምመክረው። ከቫልቸር ግን ከበድ ይላል፣ ትንንሽና ፈጣን መርከቦች ዙሪያህን ሲዞሩ ትቸገራለህ።

ፈርዴላንስ፣ ልጆቹ ኤፍዲኤል የሚሉት፣ 51.6 ሚሊዮን ነው፣ አንድ እጅግ ግዙፍ ጠመንጃና አራት መካከለኛ። ስድስት ዩቲሊቲ ቦታ (የትናንሽ አጋዥ ዕቃዎች መጫኛ) ስላለው ሺልድ የሚያጠናክረውን ሺልድ ቡስተር ትደረድርበታለህ፣ ሺልዱ መካከለኛ ፓድ (ማረፊያ) ላይ ከሚያርፉት ውስጥ ከጠንካሮቹ ነው፣ ይዞራል፣ ይሮጣል። ተጫዋች ከተጫዋች ሲዋጋ ብዙ የምታየው እሱን ነው። ያለበት ጉድለት ታንከሩ 8 ቶን ብቻ መሆኑና ዝላዩ ማጠሩ ነው፣ ከሲስተም ሲስተም መሄድ ያደክማል። ተሟልቶ 140 ሚሊዮን ቢወጣ ሪባዩ 7 ሚሊዮን ነው፣ አንድ ምሽት ላይ ሁለት ጊዜ መፈንዳት ትችላለህ ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። ማምባ ከዛው ፋብሪካ ነው፣ በፍጥነት ይበልጠዋል፣ መደበኛው 310 ቡስቱ 380፣ አዟዟሩ ግን ያንሳል። ጥቃት አድርሶ የሚሄድ፣ ተመልሶ የሚመጣ ዓይነት ተዋጊ ከሆንክ ማምባ፣ ተጠግተህ መታገል ከወደድክ ኤፍዲኤል። በ2024 የመጣው ፓይተን ማርክ ቱም ለውጊያ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ስድስት ጠመንጃ አለው፣ ክራይትን ወደውት ንግዱን ለማይፈልጉ ጥሩ አማራጭ ነው።

ትላልቆቹ ላይ ብዙ አልቆይም። አናኮንዳ 147 ሚሊዮን ነው፣ ሁሉን ይችላል፣ ለውጊያ ግን ዘገምተኛ ነው፣ 180 ነው ፍጥነቱ። ኮርቬት 188 ሚሊዮን ነው፣ ሁለት እጅግ ግዙፍ ጠመንጃ ይዞ ለክብደቱ በጣም ጥሩ ይዞራል፣ ከትላልቆቹ ለውጊያ የምመርጠው እሱን ነው፣ ግን ገንዘብ ብቻ አይበቃም፣ ከጌሙ መንግሥታት አንዱ የሆነው ፌደሬሽኑ ጋ ሪር አድሚራል ማዕረግ ላይ መድረስ አለብህ፣ እሱ ደሞ ብዙ ሚሽን ነው። ሌላው ትልቅ መርከብ ከተር ደሞ በሌላኛው መንግሥት በኢምፓየር በኩል ዱክ የሚባል ማዕረግ ይጠይቃል፣ ሺልዱ አስፈሪ ነው፣ ግን ስታዞረው ይንሸራተታል። ሦስቱም ትልቅ ፓድ ካልሆነ አያርፉም፣ አውትፖስት በሚባሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ላይ ቦታ የላቸውም። ኮርቬት ተሟልቶ 600 ሚሊዮን ቢደርስ ሪባዩ 30 ሚሊዮን ነው፣ በዚህ ገንዘብ ባዶ ቫልቸር ስድስት ይገዛል።

የምትይዘው ነገርም ምርጫህን ይወስነዋል። እዚህ ጅማ ጆይስቲክ ማግኘት ከባድ ነው፣ አብዛኛው ሰው በማውዝና ኪቦርድ ወይም በፕሌስቴሽን ጆይፓድ ነው የሚጫወተው። በጆይፓድ ከሆነ ጊምባል ጠመንጃ ግዛ፣ ራሱ ዒላማውን ይከተልልሃል፣ ጠላት ቻፍ የሚባለውን ማታለያ ብናኝ ሲለቅ ግን ይቀባዥራል፣ ያኔ ዒላማ ምርጫውን አንሳና በዓይንህ ቀጥ አድርገህ ተኩስ። ማውዝ ላይ እጅህ የጸና ከሆነ ፊክስድ፣ ቀጥታ ብቻ የሚተኩሰውን፣ ሞክር፣ ጉዳቱ ይበልጣል፣ ቻፍም አያታልለውም። ፊክስድ የሚያዋጣው ግን አፍንጫው ቶሎ በሚዞር መርከብ ላይ ነው፣ ቫልቸር፣ ቺፍተይን፣ ኤፍዲኤል ላይ ማለቴ ነው፣ አናኮንዳ ላይ በፊክስድ የሚተኩስ ሰው ባዶ ሰማይ ነው የሚመታው። ቱሬት የሚባለውን በራሱ የሚዞር ጠመንጃ ለተዋጊ አልመክርም፣ ራሱ ይተኩሳል ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ስለዚ 1 ሚሊዮን ያለህ ልጅ ቫይፐርህን በደንብ አሟላና ሪሶርስ ሳይት ላይ ፖሊሶቹ አጠገብ ሥራ፣ እነሱ የጀመሩትን መርከብ አንተ ብትጨርሰው ባውንቲው ላንተም ይሰጥሃል። 25 ሚሊዮን ያለህ ቫልቸር። 60 ሚሊዮን ይዘህ ኤፍዲኤል ልግዛ የምትል፣ አትግዛ፣ ቫልቸርህን ኢንጂነሮቹ ጋ ውሰዳት፣ ጉልበቷንና ሺልዷን አሳድግ፣ ሂሳብህ 200 ሚሊዮን ሲያልፍ ኤፍዲኤሉን ከነሙሉ ዕቃው ባንዴ ትገዛዋለህ። ቫልቸሯን ግን አትሽጣት፣ ጣቢያ ላይ አቁማት፣ ኤፍዲኤልህ ፈንድቶ ገንዘብ ሲያጥርህ በሷ ትሰራለህ።